በተውሶ ጎማ የተገኘ ዝና

እ.ኤ.አ. በማርች 1961 የእንግሊዙ ጃጓር ኩባንያ ኢ-ታይፕ የተባለችውን የስፖርት መኪና ጄኔቫ ላይ ሲያሳይ፣ ከመልኳ እኩል ሰውን ያነጋገረ አንድ ቁጥር ነበር፦ በሰዓት 150 ማይል፣ በኪሎ ሜትር ሲሰላ 240 ገደማ። (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋጋዋ ከ2,000 ፓውንድ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አስተን ማርቲን ዲቢ4 መግዛት የፈለገ ሰው የዚህን እጥፍ ገደማ ይከፍል ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ማስገረም ብቻ ሳይሆን ማስጎምጀትም ጀመረ። ማረጋገጫውም ብዙ አልዘገየም። ታርጋዋ 9600 ኤችፒ የሆነችውን ባለ ጣሪያ ኢ-ታይፕ የፈተነው «ኦቶካር» መጽሔት 150 ማይልን በጥቂት ነጥብ አለፈ፤ ታርጋዋ 77 አርደብሊው የሆነችውን ክፍቷን የፈተነው «ሞተር» መጽሔት ደግሞ 149.1 መዘገበ። የጃጓር ወዳጆች እነዚህን ሁለት ታርጋዎች እስከ ዛሬ በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ከቁጥሩ ጋር አብሮ ያልታወሰ ነገር ግን አለ። ሁለቱም መኪኖች ለፍተሻ የወጡት ደንበኛ በሚረከበው ጎማ ሳይሆን በደንሎፕ የውድድር ጎማ ነበር። የውድድሩ ጎማ ቁመቱ ከመደበኛው ከፍ ስለሚል ሞተሩ በተመሳሳይ ዙር መኪናዋን ትንሽ አርቆ ይወስዳታል፤ ወደኋላ የሚጎትታት ኃይልም ይቀንሳል። ሞተሮቹም ቢሆኑ ፋብሪካው በልዩ ጥንቃቄ ያስተካከላቸው ነበሩ። ለተራው ገዢ የቀረበችው ኢ-ታይፕ ግን የምትወጣው ደንሎፕ አርኤስ5 የሚባል፣ ልኩ 6.40-15 የሆነ ጎማ ተገጥሞላት ነው።

ይህን የማነሳው ጃጓርን ለማሳጣት አይደለም። ለፈታኝ የሚሰጠውን መኪና የማያሳምር አምራች የለም። ነገሩ የሚያስፈልገኝ ዛሬ ስድሳ ዓመት ያለፋትን ኢ-ታይፕ የያዘ ሰው ጎማ ሊቀይር ሲነሳ ቀድሞ ወደ አፉ ስለሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «የያኔው የትኛው ነበር?» መልሱ አንድ ቢሆን ኖሮ ገንዘብ መክፈል ብቻ ይበቃ ነበር። ዝናዋን ያገኘችበት አንድ ጎማ አለ፤ የተሸጠችበት ሌላ አለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ሞተሩ ከ3.8 ወደ 4.2 ሊትር ካደገ በኋላ፣ ፋብሪካው ራሱ አርኤስ5ን ትቶ ኤስፒ41 የተባለውን ራዲያል ጎማ በ185-15 ልክ መግጠም ጀመረ። በ1971 ባለ 12 ሲሊንደሯ ሦስተኛ ትውልድ ስትመጣ ደግሞ ከሁሉም ሰፋ ያለው ኢ70ቪአር15 መጣ። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ስም፣ አራት ጎማ። የያኔውን ፍለጋ የሚወጣ ሰው የሚደርሰው አንድ ቀን ላይ ሳይሆን አንድ ዘመን ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን ውስጥ ምርጫው ከራሱ ይጠበቃል። የእኔ ክርክር እንዲህ ነው፦ አሠራሩ የያኔ፣ ላስቲኩ የዘንድሮ ይሁን። ትዝታ ሰውን የሚያስትበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ያረጀውን ላስቲክ እንደ ቅርስ ተሸክሞ መንገድ ላይ መውጣት ነው፤ ሁለተኛው ያንን የ150 ማይል ዝና እያሳደዱ የዛሬ ሰፊ ጎማ መግጠም። ሁለቱም ያለፈውን እናከብራለን ይላሉ፤ ሁለቱም መኪናዋ ምን እንደነበረች አያሳዩም።

ጎማን ከውጭ የሚያይ ሰው የሚታየው ጥቁር ላስቲክ ነው፤ ጠባዩን የሚወስነው ግን ከላስቲኩ ሥር ያለው የክር አሠራር ነው። እንደ አርኤስ5 ባለው የድሮ ክሮስፕላይ ጎማ ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በሰያፍ ይሄዳሉ፤ አንዱ ንብርብር የሌላውን ክር እየተሻገረ ይደረባል። የጎማው ጎንና መሬት የሚረግጠው ፊቱ በአንድ ላይ የተያያዙ ስለሆኑ ጎኑ ሲጎብጥ ፊቱም አብሮ ይጣመማል። ሚሼሊን በ1946 ፓተንት አስመዝግቦ በ1949 ገበያ ላይ ያዋለው «ኤክስ» የተባለ ራዲያል ጎማ ይህን ዝምድና ፈታው። በእሱ ውስጥ የጎኑ ክሮች ከጠርዝ ጠርዝ ቀጥ ብለው ይሻገራሉ፤ ከፊቱ ሥር ደግሞ የብረት ሽቦ መቀነት ዙሪያውን ታጥቋል። ጎኑ እንደልቡ ይታጠፋል፤ ፊቱ ግን አስፋልቱ ላይ እንደተኛ ይቆያል። ሚሼሊን በወቅቱ የሲትሮይን ባለቤት ነበርና አዲሱን ጎማ የሚያለብሳቸው መኪኖች ለማግኘት ደጅ መጥናት አላስፈለገውም። ፒሬሊ በበኩሉ በ1950ዎቹ መጀመሪያ «ቺንቱራቶ» ይዞ መጣ። መቀነቱ ከብረት ሳይሆን ከጨርቅ ክር የተሠራ በመሆኑ ለስለስ ያለና ሲንሸራተትም ድንገት የማይከዳ ጎማ ሆነ። ፌራሪ፣ ላምቦርጊኒና ማሴራቲ በ1960ዎቹ ከፋብሪካቸው ብዙ መኪና ያወጡት በዚህ ጎማ ነው። ዛሬ ጎማ ሻጭ ፊት ቆመን «ራዲያል ነው?» ብለን መጠየቅ ትተናል፤ በተራው ሱቅ ሌላ ነገር ብዙም ስለማይሸጥ። ስለዚህም ራዲያል ሁሉ አንድ ይመስለናል። የ1960ዎቹ ራዲያልና የዘንድሮ ራዲያል ግን ቁመታቸው፣ የጎናቸው ልስላሴና የፊታቸው ቅርጽ በጣም የተራራቀ ነው፤ የኢ-ታይፕ ባለቤት ጣጣም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

የክሮስፕላይ ዘመን ነጂዎች መኪና የሚነዱት ዛሬ እንደምንነዳው አልነበረም። ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ በ1957 በማሴራቲ 250ኤፍ ሲወዳደር የተነሱትን ፎቶዎች ያየ ሰው፣ መኪናዋ በአንድ አቅጣጫ እያየች በሌላ አቅጣጫ ስትሄድ፣ አራቱም ጎማዎች በአንድ ላይ ሲንሸራተቱ ያያል። ይህ ለካሜራ የተደረገ ትርኢት አልነበረም። የክሮስፕላይ ጎማ ከፍተኛውን ጉልበቱን የሚሰጠው አፍንጫው ከሚሄድበት አቅጣጫ በደንብ ሲዞር ነው፤ ከዚያም አልፎ ሲሄድ የሚለቀው ቀስ በቀስ ነው፣ ነጂውን እያስጠነቀቀ። የዛሬ ጎማ በጣም ትንሽ በሆነ ማዕዘን ላይ ከፍተኛውን ጉልበት ይሰጣል፤ ያ ጉልበት ከድሮው እጅግ ይበልጣል፤ ሲለቅ ግን ብዙ ጊዜ አይሰጥም። የ1961ዷ ኢ-ታይፕ የሁለቱ ዘመን መጋጠሚያ ላይ የተሠራች ናት። የኋላ እግሮቿ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚንቀሳቀሱ፣ የኋላ ፍሬኖቿ ከጎማው አጠገብ ሳይሆን መሐል ላይ ከዲፈረንሻሉ ጎን የተቀመጡ ናቸው፤ ሞላዎቿና አሞርዛቶሪዎቿ የተመረጡት ግን ጎኑ ረዘም ያለ፣ አብሮ የሚተጣጠፍ ጎማ ከሥራቸው እንዳለ ታስቦ ነው። ከአስፋልቱ የሚመጣውን ድንጋጤ የሚቀበለው ሞላው ብቻ አይደለም፤ ጎማው ራሱ ግማሽ ሞላ ነው። ያንን ግማሽ ሞላ አውጥቶ ቁመቱ አጭር፣ ጎኑ ደረቅ የሆነ ጎማ የገጠመ ሰው፣ ሳያውቀው የመኪናዋን የሥር ሥራ ቀይሯል።

ሰፊ ጎማ የሚወዱ ሰዎች ይህን እንደ አጉል ፍልስፍና ያዩታል፤ እንግዲህ ወደሚዳሰሰው እንሂድ። በጎማው ጎን የሚጻፈው 185ቪአር15 ሦስት ነገር ይናገራል፦ ወርዱ 185 ሚሊሜትር፣ የፍጥነት ደረጃው ቪ፣ የቸርኬው ልክ 15 ኢንች። የቁመቱ መጠን አልተጻፈም፤ በዚያ ዘመን ቁመት ካልተጻፈ ከወርዱ 80 በመቶ ያህል እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። ሂሳቡ ይህ ነው፦ የ185 80 በመቶ 148 ሚሊሜትር ነው፤ ላይና ታች ሲደመር 296፤ ቸርኬው 381፤ በድምሩ 677 ሚሊሜትር። አሁን ለመልክ ሲባል 205/50 አር15 ቢገጠምላት፣ 102.5 ላይና ታች ሲደመር 205፣ ከቸርኬው ጋር 586 ሚሊሜትር ይሆናል። መኪናዋ ከመሬት አራት ሴንቲሜትር ተኩል ዝቅ አለች። ሞተሩ በተመሳሳይ ፍጥነት 15 በመቶ ጨምሮ ይዞራል፤ የፍጥነት መለኪያው 115 ሲያሳይ መኪናዋ በእውነት የምትሄደው 100 ነው። የ3.8 ሊትሩ ሞተር ዙር መጨረሻ 5,500 ነውና፣ ፍጥነትን ፍለጋ የተገጠመ ሰፊ ጎማ የመኪናዋን ከፍተኛ ፍጥነት ይቀንሰዋል። የ1961ዱ የመጽሔት ፍተሻ የተጠቀመበት ብልሃት ተገልብጦ መጣ ማለት ነው። መሪዋም ያለ ኃይል ማገዣ የተሠራ ስለሆነ፣ ቆማ ስትዞር በሰፊ ጎማ ክንድ ታደክማለች። ኩርባ ላይ ስትጋደል ደግሞ ፊቱ ዝርግ የሆነ ሰፊ ጎማ በአንድ ጠርዙ ብቻ ይቆማል፤ የተከፈለበት ስፋት አየር ላይ ይቀራል።

የፍጥነት ፊደሉም ጌጥ አይደለም። ኤስ እስከ 180 ኪሎ ሜትር፣ ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240 ነው። ልኩ ለ185-15 የሚቀርብ ርካሽ ጎማ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ለአነስተኛ የጭነት መኪና የሚሠሩት አብዛኞቹ ግን የፍጥነት ፈቃዳቸው ከ200 በታች ነው፤ የተሠሩትም ሸክም እንዲችሉ እንጂ ኩርባ እንዲይዙ አይደለም። «እኔ 200 አልነዳም» የሚል ይኖራል። እውነቱን ይሆናል። ነገር ግን የፍጥነት ደረጃው ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚናገር መለኪያም ነው፤ ከ1,200 ኪሎ በላይ የምትመዝን ባለ 265 የፈረስ ጉልበት መኪና በሞቃት ቀን ጎዳና ላይ ስትወጣ ሙቀት መፍጠሯ አይቀርም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የዕድሜ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ የ«ሁሉም እንደነበረ ይቆይ» ወገን በጣም ይሳሳታል። ጎማ ሁለት ዓይነት ሞት አለው፦ በመንገድ ማለቅና ቆሞ መድረቅ። የስፖርት መኪናን የሚገድላት ሁለተኛው ነው፤ በዓመት የምትሄደው ጥቂት ስለሆነ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይሞታል። ላስቲክ ውስጥ ከኦዞን የሚከላከል ሰም መሰል ነገር ይጨመራል፤ ይህ ነገር ወደ ገጹ የሚወጣው ጎማው ሲንከባለልና ሲተጣጠፍ ነው። ጋራዥ ውስጥ ተሸፍና የምትኖር መኪና ጎማ ይህን ጥበቃ አያገኝም፤ ጎኑ ላይ ጥፍር የማያስገቡ ቀጫጭን ስንጥቆች ይታያሉ፤ ከውስጥ መቀነቱ ከላስቲኩ መላቀቁ ግን ጨርሶ አይታይም። ጥርሱን በሳንቲም ለክቶ «ገና አዲስ ነው» የሚል ሰው የሚያየው ስህተቱን ሳይሆን መጽናኛውን ነው። የተሠራበት ቀን ያለው ጎኑ ላይ፣ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ነው፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ተጨማሪ ምርመራ አያሻውም።

ዕድሜ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሴፕቴምበር 2012 በእንግሊዝ፣ ሱሬ ክልል፣ ሂንድሄድ አጠገብ ከሙዚቃ ፌስቲቫል ወጣቶችን ይዞ ይመለስ የነበረ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ሦስት ሰው ሞተ። የጎማው ጥርስ ነቀፋ የማይወጣለት ነበር፤ ዕድሜው ግን ከ19 ዓመት በላይ፣ ከአውቶቡሱ ከራሱ የሚበልጥ ነበር። ከረጅም ዘመቻ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ከፌብሩዋሪ 2021 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ጎማ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ የፊት አክሰል ላይ እንዳይገጠም ከለከለ። የግል መኪና በዚህ አልተካተተም። እንዲያውም በዚያው አገር ከሜይ 2018 ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ የሆናትና ብዙ ያልተለወጠች መኪና ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ ናት፤ ስለዚህ የኢ-ታይፕ መርማሪ ባለቤቷ ብቻ ነው። «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ላይ የምናውቀው ተዋናይ ፖል ዎከር በኖቬምበር 2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጓደኛው ጋር የሞተባት ፖርሼ ካሬራ ጂቲም ትጠቀሳለች። መርማሪዎች ዋናው ምክንያት ፍጥነት መሆኑን አስታውቀዋል፤ 72 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት መንገድ ከ129 እስከ 150 ትሄድ ነበር። ነገር ግን ጎማዎቿ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው መሆኑንና ይህም የመኪናዋን አያያዝ ሊያዛባ እንደሚችል በዘገባቸው አስፍረዋል። ያቺ መኪና በዚያን ጊዜ ገና አሥር ዓመት ያልሞላት ነበረች። የ1964 አርኤስ5 ለብሳ ለትዕይንት ሣር ላይ የምትቆም መኪና ማንንም አትጎዳም፤ በዚያው ጎማ አውራ ጎዳና ላይ መውጣት ግን ታሪክን መጠበቅ ሊባል አይችልም።

ዋናው ተቃውሞ እዚህ ይነሳል። ደህንነት ይህን ያህል ካሳሰበህ የዛሬን ምርጥ ጎማ ለምን አታስገጥምም? በዝናብ ፍሬን ሲያዝ የድሮ አሠራር ያለው ጎማ የዛሬውን አይደርስበትም። የመጨረሻው ሐረግ እውነት ነው፤ ልክደው አልፈልግም። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የያኔ አሠራር ማለት የያኔ ላስቲክ ማለት አይደለም። ፒሬሊ ሚላን በሚገኘው መዝገብ ቤቱ ያሉትን የድሮ ንድፎች አውጥቶ ቺንቱራቶን በዛሬ የላስቲክ ቅመም እንደገና ይሠራል፤ ለኢ-ታይፕ የሚሆነው 185ቪአር15 ሲኤ67 ከነዚህ አንዱ ነው። ሚሼሊንም ለድሮ መኪኖች የሚሆኑ ጎማዎቹን ማምረት አላቆመም፤ ቭረደስታይንም ተመሳሳይ ምርት አለው። የዛሬው ሲኤ67 በእርጥብ አስፋልት ላይ ከ1965ቱ የተሻለ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ጎማ የያዘው ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የዘመኑን ጎማ ያህል አጥብቆ የሚይዝ ነገር ከሥር ሲገባ፣ ያ ጫና ወደ ራጂው፣ ወደ ኩሽኔታው፣ ወደ ሞላው ማያያዣ ይሄዳል፤ እነዚህ ክፍሎች ደግሞ የተሠሩት ጎማው ቀድሞ ይለቃል ተብሎ ነው። ጎማው ፊውዝ ነበር፤ ፊውዙ በምስማር ሲተካ የሚቃጠለው ሌላ ነገር ነው።

ብዙ መያዝ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውንም እምነት መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህ የሚሆን ማስረጃ ያለው ቶዮታ ዘንድ ነው። ኩባንያው በ2012 ጂቲ86 የተባለችውን አነስተኛ የስፖርት መኪና ሲያወጣ፣ ሚሼሊን ፕራይማሲ የሚባለውንና ነዳጅ ቆጣቢዋ ፕሪየስ የምታደርገውን ዓይነት ጎማ ገጠመላት። ገንዘብ አጥሮት አልነበረም። አስቦበት ነው፤ የራሱ የ1980ዎቹ መኪና ኤኢ86 የምትሰጠውን ስሜት፣ ነጂው በሚችለው ፍጥነት መኪናዋ ስትንሸራተትና እሱ ሲያስተካክላት የሚገኘውን ደስታ መመለስ ፈልጎ ነው። ትልቅ ኩባንያ፣ የሚፈልገውን ጎማ ማዘዝ እየቻለ፣ ትዝታን ለመመለስ ያነሰውን መረጠ። የኢ-ታይፕ ባለቤት ከዚህ የተለየ ምክንያት የለውም። ልትለቅ ስትል በ80 ኪሎ ሜትር መሪው ላይ ለነጂዋ የምትነግረው መኪና፣ በ160 ብቻ ከምትነግረው መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ ትሻላለች፤ ለነጂውም ለእግረኛውም።

ሌላው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፤ እኔም ከመጀመሪያው ይልቅ ይህን ነው የማከብረው። አሠራሩ የያኔ ይሁን ካልክ፣ የ1961ዷ ኢ-ታይፕ የወጣችው በክሮስፕላይ ነውና ለምን እስከዚያ አትመለስም ይላል። ክሮስፕላይ ዛሬም ይሠራል፤ እንግሊዝ ውስጥ ብሎክሊ፣ አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ቻታኑጋ ከተማ ላይ ከ1958 ጀምሮ ያለው ኮከር ይሸጡታል። ከ1950 በፊት ለተሠሩ መኪኖች ክርክሩን እቀበላለሁ፤ እነሱ ሌላ ጎማ አያውቁም፣ ራዲያል ሲገጠምላቸው መሪያቸው ይደነግጣል። ለኢ-ታይፕ ግን አልቀበልም፤ የማልቀበለውም በፋብሪካው ምስክርነት ነው። የሠራት ኩባንያ ገና በምርት ላይ እያለች ራዲያልን ሞክሮ፣ ወዶ፣ ገጥሞላታል። መሐንዲሶቹ ራሳቸው ያደረጉትን ማሻሻያ እኛ ከእነሱ በላይ ለመኪናዋ ተቆርቋሪ ሆነን መሰረዝ የለብንም። እነሱ ያላዩትን፣ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የመጣውን ጎማ ግን መሐንዲሶቹ አጽድቀውታል ማለት አይቻልም። የፖርሼ 911 ታሪክ ይህን ወሰን በደንብ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ በ165-15 ጎማና በአራት ኢንች ተኩል ቸርኬ ነበር የወጡት፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ጅራቷ ኩርባ ላይ ማስቸገሩ ታውቆ፣ ፋብሪካው ለተወሰነ ጊዜ ከፊት መከላከያው ጫፎች በእያንዳንዱ 11 ኪሎ ብረት እስከ መደበቅ ደርሷል፤ ከ1969 ሞዴል ጀምሮም በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል ያለውን ርቀት በ57 ሚሊሜትር አራዘመ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለቱርቦዋ የመጣው ፒሬሊ ፒ7 ደግሞ ከሁሉም የተለየ፣ ሰፊና አጭር ጎማ ነበር። ለዚያች ቱርቦ ሰፊው ጎማ የያኔ ነው፤ ለ1965ቷ 911 እንግዳ ነው። ማደባለቅ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፦ በእንግሊዝ ሕግ በአንድ አክሰል ላይ ሁለቱን ዓይነት መግጠም፣ ወይም ፊት ራዲያል ኋላ ክሮስፕላይ ማድረግ ክልክል ነው።

ዋጋውን ያነሱ ሰዎች እውነት አላቸው፤ ልኩ ከገበያ የወጣ ጎማ በጥቂት መጠን ስለሚመረት ይወደዳል፤ ሻጩም በየመንገዱ አይገኝም። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ቮልስ የያዘ ሰው፣ ባለ 15 ኢንች ቀጭን ጎማ ሲፈልግ የሚገጥመውን መንከራተት ስለሚያውቅ ይህን ለማስረዳት ጊዜ አይወስድም። ነገር ግን ሂሳቡን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዓመት ማስላት ይገባል። ጎማው በአሥር ዓመት በዕድሜ ይሞታል፤ ርካሹም ውዱም እኩል ይሞታሉ። ልዩነቱ ለአሥር ሲካፈል፣ ለእንዲህ ያለች መኪና በዓመት ለኢንሹራንስና ለዘይት ከሚወጣው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ክራር የሚያውቅ ሰው ነገሩን ፈጥኖ ይረዳዋል። እንጨቱና ቆዳው የአያት ሊሆን ይችላል፤ ክሩ ግን መቀየር አለበት፤ ጅማት ሲነሳ ናይለን ሲገባ ወይም የብረት ክር ሲተካ፣ ያው ክራር ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ማንም ሰው የበሰበሰ ክር ላይ ትዝታ አይቃኝም፤ የትኛው ክር ይግባ የሚለው ግን ከድምፁ ውጭ መልስ የለውም። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተርም ወደዚሁ ያዘነብላል። መኪናን መጠበቅ መደበኛ ጥገናና እንደተሠራችበት ዓላማ መንዳትን እንደሚጨምር፣ ሥራዋ ካልታየ ሙሉ በሙሉ እንደማትታወቅ ይገልጻል። ይህ አነጋገር በእኔ ንባብ ጎማን ከተራ ዕቃነት ያወጣዋል። ቀለም ቢቀየር መኪናዋ ትነዳለች፤ ወንበሩ ቢቀየር ትነዳለች፤ ጎማው ሲቀየር ግን የምትነዳው ሌላ መኪና ናት።

ውሳኔው ካለቀ በኋላም ጎሚስታው ዘንድ የሚበላሽ ነገር አለ። የኢ-ታይፕ ባለ 72 ራጂ ቸርኬ የራጂዎቹ ጫፍ ወደ ውስጥ ስለሚገባ አየር አይቋጥርም፤ ካላማዳሪ ያስፈልገዋል፤ ከካላማዳሪው ሥር ደግሞ ጫፎቹን የሚሸፍን የላስቲክ ቀበቶ። ዛሬ የሚሠሩ አንዳንድ ጎማዎች ያለ ካላማዳሪ እንዲሠሩ ታስበው ስለተሠሩ የውስጥ ገጻቸው ሸካራ ነው፤ ካላማዳሪውን ቀስ እያለ ይበላዋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ልኩንና ፊደሉን ብቻ ሳይሆን «ከካላማዳሪ ጋር ይሄዳል ወይ?» የሚለውንም ይጨምራል። የነፋሱንም መጠን ጎሚስታው ለዛሬ መኪና በለመደው ልክ እንዲሞላ መተው አይገባም፤ በጎማው ሻጭ ከተሰጠው ጋር መመሳከር አለበት። በመጨረሻም የሚገዛው አራት ሳይሆን አምስት ነው። የኢ-ታይፕ ተለዋጭ ጎማ ከኋላ ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ተኝቶ ስለሚኖር፣ አራቱ ሦስት ጊዜ ሲቀየሩ እሱ የሚረሳበት መኪና አይጠፋም። ክዳኑ ተነስቶ፣ ጎኑ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ቁጥሩ ይነበብ። ከ2000 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ ምናልባትም የቀድሞው ባለቤት ከፋብሪካ የተረከበው አርኤስ5 ከሆነ፣ ከዚያ ወጥቶ ለትዕይንት ቀን ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ በቦታውም ከአራቱ ጋር በአንድ ዓመት የተሠራ፣ ልኩም አሠራሩም አንድ የሆነ አምስተኛ ይግባ።